ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒትስ፦ የኢንተግራልን ምልክት ያበረከቱት የመንግሥት አገልጋይ

የሒሳብ ሊቅ፣ ፈላስፋና የሕግ ባለሙያ የነበሩት ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በ1646 በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ ተወለዱ። የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አባታቸው ያረፉት እርሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፤ ያወረሷቸው መጻሕፍት ግን ቀዳሚ መምህራቸው ሆኑ። የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ሳይሰጣቸው ቢቀርም፣ ወደ አልትዶርፍ ተጉዘው በ20 ዓመታቸው የሕግ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ።

እ.ኤ.አ. በ1672 ለዲፕሎማሲ ተልእኮ ወደ ፓሪስ የተላኩት ላይብኒትስ፣ በዚያ ከታዋቂው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ጋር ተዋውቀው የላቀ ሒሳብ መማር ጀመሩ። በዘመኑ ሊቃውንትን ያደክም ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ በጠማማ መስመር የተከበበን ስፋት መለካት ነበር። ላይብኒትስ ስፋቱን እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ቁራጮች ድምር አድርገው አሰቡት። ጥቅምት 1675 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይም በማስታወሻቸው ድምር የሚል ትርጉም ያለውን የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል አስረዝመው በመጻፍ፣ ዛሬ የምንጠቀምበትን የ∫ ምልክት አስገኙ።

ቁራጮቹን አንድ በአንድ መደመር ግን አያስፈልግም። የለውጥ መጠኑ የተሰጠንን ፈንክሽን የሚሆን ሌላ ፈንክሽን፣ ማለትም አንቲዴሪቬቲቭ ከተገኘ፣ በላይኛው ወሰን ካለው ዋጋ በታችኛው ወሰን ያለውን መቀነስ በቂ ነው። የላይብኒትስ አጻጻፍ የቁራጩን ስፋት ጭምር በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ተለዋዋጩን በሌላ መተካትንም ቀላል አደረገ።

ለምሳሌ 2ሀ(ሀ² + 1)² የተሰኘውን ፈንክሽን ሀ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ለማስላት፣ መ = ሀ² + 1 እንበል። የመ ቅንጣት ለውጥ የሀ ቅንጣት ለውጥ በ2ሀ ሲባዛ ስለሆነ፣ ቀሪው ፈንክሽን መ² ብቻ ይሆናል። ወሰኖቹም አብረው ይለወጣሉ፤ ሀ 0 ሲሆን መ 1፣ ሀ 1 ሲሆን መ 2 ነው። የመ² አንቲዴሪቬቲቭ መ³/3 በመሆኑ፣ ውጤቱ 8/3 − 1/3 = 7/3 ነው። ወሰኖቹን ሳይለውጥ በመ ላይ 0 እና 1ን የሚተካ ተማሪ ግን 1/3 የሚል የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

ላይብኒትስ ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1684 እና በ1686 አሳትመው ለሕዝብ አቀረቡ። በመካከሉም ከ1676 ጀምሮ በሃኖቨር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ኃላፊና አማካሪ ሆነው ያገለግሉ ነበር። የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ካሳተሙት ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋርም ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፉ ነበር።

የሕይወታቸው ማምሻ ግን መራራ ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ስሌቱን ቀድመው ቢደርሱበትም ሳያሳትሙት ቆይተው ስለነበር፣ ላይብኒትስ ሐሳቡን ወስደዋል የሚል ክስ ተነሣ። በ1712 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ለኒውተን ፈረደ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራሳቸው ኒውተን ነበሩ። የሃኖቨሩ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1714 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነው ወደ ለንደን ሲሄዱም፣ ላይብኒትስ የመስፍኑን ቤተሰብ ታሪክ ጽፈው እንዲጨርሱ በሃኖቨር ቀሩ። ኅዳር 14 ቀን 1716 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፉ የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት በቀብራቸው አልተገኙም፤ መቃብራቸውም ከ50 ዓመት በላይ ስም ሳይጻፍበት ቆየ።

የዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ሁለቱ ሊቃውንት ግኝቱ ላይ የደረሱት ለየብቻቸው መሆኑን ይቀበላሉ። ለዓለም የትምህርት ገበታ የቀረበው ግን የላይብኒትስ አጻጻፍ ነው። ክብራቸውን በሕይወት ሳሉ ባያዩትም፣ ማንም ሊከተለው በሚችል ግልጽ መንገድ ጽፈው ያስረከቡት ዕውቀት ዛሬም ተማሪውን፣ መሐንዲሱንና ተመራማሪውን ያገለግላል።