ጂም ኮርቤት፡ በሦስት ጥይት ወደ ጫካ የወረደው አዳኝ

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1907 ነው። በሰሜን ሕንድ፣ በሂማሊያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው የኩማኦን ምድር፣ ቻምፓዋት አጠገብ ባለ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ባዶ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ይዞ የወጣው ሦስት ጥይት ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ተኩሷል። ከፊቱ የቆሰለች ታይገር አለች። ታይገር በኢትዮጵያ ነብር ከሚባለው ባለ ነጠብጣብ አውሬ በግዝፈት የሚበልጥ፣ ቆዳው ሸንተረራማ የሆነ የእስያ አውሬ ነው። ያቺ እንስት አስቀድሞ በኔፓል፣ ቀጥሎም በኩማኦን በጠቅላላው 436 ሰዎችን እንደገደለች ተመዝግቧል።

ሰውየው ኤድዋርድ ጄምስ ኮርቤት ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ጂም ኮርቤት በሚለው ስሙ ነው። አንድ አዳኝ ሕይወቱን የሚያተርፍበትን መሣሪያ እንዴት ሊመርጥ እንደሚገባው ከማንም በላይ በተግባር የተማረ ሰው ነበር።

ኮርቤት ሐምሌ 25 ቀን 1875 ናይኒ ታል በምትባል የተራራ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከተማዋ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለሞቱ፣ ብዙ ልጆች የነበሩት ቤተሰብ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ቆላ በሆነችው ካላዱንጊ ያሳልፍ ስለነበር ጂም ያደገው በጫካ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ በወንጭፍ፣ ቀጥሎም በቀስት አደነ። ከዚያም አንድ ዘመዱ በአፈሙዙ በኩል ባሩድ የሚጎርስ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሰጠው። ጠመንጃው ከልክ ያለፈ ባሩድ ጎርሶ አንደኛው አፈሙዝ ተሰንጥቋል፤ ሰደፉም ተሰብሮ በናስ ሽቦ ታስሯል። የሚሠራው አንድ አፈሙዝ ብቻ ነበር።

ይህ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ታላቅ አስተማሪ ሆነው። ባሩድና እርሳስ በገንዘብ የሚገዛ ነበርና ልጁ ሳያነጣጥር መተኮስን አልለመደም። አንድ ጊዜ የሳተ ሰው እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ መከላከያ እንደሌለውም ተረዳ። ተማሪ ሳለ ማርቲኒ የተባለውን የጦር ጠመንጃ እንዲይዝ ተፈቀደለትና በዚያ ነብር ገደለ።

ጎልማሳ ሲሆን የቤንጋልና ሰሜን ምዕራብ የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። በጋንጅስ ወንዝ ዳር፣ ሞካሜ ጋት በተባለ ቦታ ጭነት ከባቡር ወደ ጀልባ የሚያሸጋግሩ የቀን ሠራተኞችን እየመራ ከሃያ ዓመት በላይ አገለገለ። አደን መተዳደሪያው ሆኖ አያውቅም። በቻምፓዋት ሰው በላዋን አውሬ እንዲያድን በተጠየቀ ጊዜ ሁለት ነገር አስቀድሞ ጠየቀ፤ መንግሥት ለአውሬዋ ገዳይ ያቀረበው ሽልማት እንዲሰረዝና ሌሎች አዳኞች ከአካባቢው እንዲወጡ። ለገንዘብ የሚያድን ሰው መባልን አልፈለገም፤ በጫካ ውስጥ በሌላ አዳኝ ጥይት መሞትንም እንዲሁ።

የሦስቱ ጥይቶች ነገር የራሱ ስሌት ነበረው። አንዷ ለመግደል፣ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ ብትስት፣ ሦስተኛዋ ለድንገተኛ አደጋ። በዚያ ቀን 298 የአካባቢው ሰዎች ከሸለቆው አፋፍ ላይ እየጮኹና እየተኮሱ አውሬዋን ወደ ታች ነዱ። የኮርቤት የመጀመሪያ ጥይት ሳተች፤ ሁለቱ አገኟት፤ አውሬዋ ግን አልወደቀችም። ኮርቤት ሮጦ የወረዳውን ሹም የአደን ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃው አርጅቶ በአፈሙዙና በመዝጊያው መካከል ክፍተት ነበረው፤ የሚተኩሰውን ሰው ራሱን ሊያቆስል ይችል ነበር። በእርምጃዎች ርቀት ሆኖ የአውሬዋን አፍ አነጣጥሮ ተኮሰ። እርሳሱ ዝቅ ብሎ እግሯ ላይ አረፈ። አውሬዋ የሞተችው ቀደም ሲል ባገኟት ሁለት ጥይቶች ነበር።

ከአውሬዋ ሞት በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር፣ በቀኝ በኩል ያሉት የላይኛውና የታችኛው ክራንቻ ጥርሶቿ ተሰብረው ተገኙ። የሰበራቸው ከዓመታት በፊት የተተኮሰባት ጥይት ነበር። የዱር እንስሳ ማደን ሲሳናት ወደ ሰው ዞረች። ኮርቤት ይህን የመሰለ ምክንያት በሌሎች አውሬዎችም ላይ አገኘ። አንዳንዶቹን ያቆሰላቸው ጥይት፣ ሌሎቹን የጃርት እሾህ ነበር። በማይመጥን መሣሪያ ወይም በችኮላ ተኩሶ አውሬን አቁስሎ የሚተው ሰው፣ እርሱ በደህና ቤቱ ቢገባም፣ ዕዳውን እንጨት ለቃሚዋና እረኛው ይከፍሉታል። ይህ ዕውቀት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ከኮርቤት ኅሊና አልወጣም።

ለቻምፓዋት ውለታው የግዛቱ አስተዳዳሪ አንድ የሪግቢ ጠመንጃ ሸለመው። ካሊበሩ 0.275 ኢንች የሆነ ቀላል ጠመንጃ ነው። ኮርቤት ባለ ሁለት አፈሙዝ ከባድ ጠመንጃም ነበረው፤ ከእያንዳንዱ አደን በፊትም የትኛው እንደሚሻል ይመዝን ነበር። ከባዱ አውሬን በአንድ ምት ይጥላል፣ ሁለተኛውንም ጥይት ያለ መዘግየት ያቀርባል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አቀበትና ቁልቁለት ለሚጓዝ ሰው ክንድ ያደክማል። ቀላሉ በእጅ ይታዘዛል፣ ነገር ግን ቦታ መርጦ መምታትን ይጠይቃል። በጨለማ ደግሞ ሁለቱም ላይጠቅሙ ይችላሉ። በ1910 አራት መቶ ሰው እንደገደለ የሚነገርለትን የፓናር ነብር በሌሊት በጠበቀ ጊዜ የያዘው ብዙ ፍንጣሪ እርሳስ በአንድ ጊዜ የሚበትን ጠመንጃ ነበር። የቆሰለውን ነብር ለመፈለግ ችቦ ከያዙ መንደርተኞች ጋር ወጣ። ነብሩ ሲወረወር ሰዎቹ ችቦውን ጥለው ሸሹ። መሬት ላይ በቀረው ብልጭታ ኮርቤት አነጣጥሮ ጣለው።

የምርጫው ትክክለኛነት ከሁሉ ይልቅ የታየው ሚያዝያ 1930 ነው። ቾውጋርህ በተባለ አካባቢ በአምስት ዓመት ውስጥ 64 ሰዎች ተገድለው ነበር። ኮርቤት በደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲወርድ፣ ያገኛቸውን ሁለት የወፍ እንቁላሎች በግራ እጁ ይዟል፤ በቀኙ ሪግቢው አለ። አንድ ትልቅ ቋጥኝ አልፎ ወደ ኋላው ሲመለከት ታይገሯ በጥቂት ክንድ ርቀት ተኝታ ታየዋለች። ድንገት ቢንቀሳቀስ ትዘልበታለች። እንቁላሎቹን ሳይጥል፣ አፈሙዙን በአንድ እጁ ቀስ በቀስ አዙሮ ቃታውን ሳበ። ከባዱን ጠመንጃ ይዞ ቢሆን ኖሮ በአንድ እጅ እንዲህ አዙሮ መተኮስ አዳጋች በሆነበት ነበር።

በ1926 ደግሞ ሩድራፕራያግ ላይ 125 ሰዎችን የበላውን ነብር ገደለ። ያ ነብር ወደ ኬዳርናትና ባድሪናት የሚወስደውን የተሳላሚዎች መንገድ ለስምንት ዓመት በሽብር የዘጋ ነበር። ኮርቤት ብዙ ሌሊት በዛፍ ላይ ካደረ በኋላ፣ በጠመንጃው ላይ ባሰረው የእጅ ባትሪ ብርሃን ተኩሶ ጣለው።

ኮርቤት ከመግደል ይልቅ መጠበቅን ያስቀደመው ከዚህ ወዲህ ነው። በጠመንጃው ፈንታ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያነሳ ካሜራ ይዞ ታይገሮችን ይከተል ጀመር። በ1936 የሕንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ እርሱ ነበር። ካላዱንጊ አጠገብ በገዛት ቾቲ ሃልድዋኒ መንደርም፣ አሳማና ሌላ አውሬ ሰብል እንዳያጠፋ እርሻውን በድንጋይ አጥር አስከበበ። አርሶ አደሮቹም ማሳቸውን ይጠብቁበት ዘንድ ጠመንጃ እንደሰጣቸው ይነገራል።

በ1947 ከእኅቱ ከማጊ ጋር ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ ኒዬሪ በተባለችው ከተማም መጽሐፍ እየጻፈ ኖረ። ሚያዝያ 19 ቀን 1955 በ79 ዓመቱ አረፈ፤ መቃብሩም በዚያው ነው። በኋላም ሕንድ ብሔራዊ ፓርኩን በስሙ ሰየመች። በወጣትነቱ ታይገሮችን በጥይት ያሳደደ ሰው ስሙ የታይገር መጠጊያ በሆነ ጫካ ላይ ቀረ።