ሰር ዊልያም ሌሽማን፤ የቀለሙና የማይክሮስኮፑ ሊቅ

በየላቦራቶሪው መደርደሪያ ከሚደረደሩት የቀለም ጠርሙሶች በአንዱ ላይ ስማቸው የሚነበበው ሰር ዊልያም ቡግ ሌሽማን፣ በ1865 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። እርሳቸውም በ1886፣ ገና በ20 ዓመታቸው፣ በሕክምና ተመርቀው ወደ ብሪታንያ ጦር የሕክምና ክፍል ገቡ፤ በሕንድ አገርም ለዓመታት አገለገሉ።

በ1897 ተመልሰው በኔትሊ ሥራ ጀመሩ። በ1900 በካልካታ አጠገብ ከምትገኘው ዱም ዱም ትኩሳት ይዞት የተመለሰ አንድ ወታደር በዚያ ሞተ። ሌሽማን ያበጠውን ጣፊያውን መርምረው እጅግ ጥቃቅን፣ ሞላላ አካሎችን አዩ። ምንነታቸው ወዲያው ስላልተገለጠላቸው ውጤቱን ያሳተሙት በ1903 ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ ያንኑ አገኙ፤ ሮናልድ ሮስም የሁለቱን ስም አጣምረው ተሕዋሱን ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ አሉት።

ከዚህ ሁሉ የማያንሰው ሥራቸው የ1901ዱ ቀለም ነው። ኢዮሲንንና ሜቲሊን ብሉን በሜታኖል አዋሕደው፣ ናሙናውን በአንድ ጊዜ የሚያጸናና የሚያቀልም ውሁድ አበጁ። ኋላም በታይፎይድ ክትባት ሥራ ደክመው፣ የጦሩ ሕክምና የበላይ ኃላፊ ሆነው ሳሉ በ1926 አረፉ።

የሥራቸው ፍሬ በደቡብ ጎንደር ደጋም ተፈትኗል። በሊቦ ከምከም ሕዝቡን ይፈጅ የነበረው ትኩሳት መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሕክምናውም በአዲስ ዘመን ተጀመረ። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ስለሆነ፣ የስም ስሕተቱ ዋጋ የሰው ሕይወት ነበር።

ከጣፊያ የተቀዳ ናሙና ሲመረመር የተሕዋሱ ብዛት ከአንድ እስከ ስድስት በሚደርስ ደረጃ ይለካል። ዝቅተኛው ደረጃ በ1,000 የማይክሮስኮፕ እይታዎች ውስጥ ከ1 እስከ 10 ተሕዋስ ብቻ የተገኘበት ነው፤ ዓይን የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። የምስል ትንተና ሶፍትዌር የሚያግዘውም በዚሁ ነው። የኒውክለሱን ሐምራዊ ከዙሪያው ሰማያዊ ለይቶ፣ ቅርጹንና መጠኑን መዝኖ ይቆጥራል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፉበት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኮምፒውተር በጊምዛ ቀለም ከተቀለሙ ምስሎች ተሕዋሱን እንዲለይ አሠልጥኗል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ቀለሙ ያሳየውን ብቻ ነው። የማቅለሚያው ውሃ አሲድነት ከተዛባ፣ ናሙናው ከወፈረ፣ ወይም የቀለም ዝቃጭ ከቀረ፣ ሰው የሚጠራጠርበትን ኮምፒውተር ያለ ጥርጥር ይቆጥረዋል። ስለዚህ የደብረ ታቦርም ሆነ የአዲስ ዘመን ባለሙያ ስላይዱን በጥንቃቄ ማዘጋጀቱ፣ ሌሽማን ከ120 ዓመታት በፊት የጀመሩት ሥራ ቀጣይ ነው።