ፒየር ኩሪና የመግነጢስ ኃይል

የፒየር ኩሪ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ራዲየምንና ባለቤቱን ማሪ ኩሪን ነው። እኔ ግን ይበልጥ ልተርክላችሁ የፈለግሁት ከጋብቻው በፊት ስለ ሠራው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ያ ሥራ በሆሳዕናና በዱራሜ ገበያ ከሚሸጠው ጀበና ጋር ዝምድና አለው። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፒየር ኩሪ ሜይ 15 ቀን 1859 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ልጁ አንድ ነገር ከያዘ ያንኑ ብቻ ሲያስብ የሚውል መሆኑን ስለ ተረዳ፣ ትምህርት ቤት ሳያስገባው በቤት እንዲማር አደረገ። በደወል ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ለምንዘል ለእኛ ይህ የሚያስቀና ነው። በ18 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አገኘ። በ1880 ከታላቅ ወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ደረሰበት።

ከ1882 ጀምሮ በፓሪስ በአንድ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት 22 ዓመት ሠራ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የራሱ የምርምር ክፍልም ስላልነበረው ብዙውን ሥራ የሠራው በደረጃና በክፍል መካከል ባለ መተላለፊያ ላይ ነው። እዚያ ሆኖ ኦክስጂንን፣ ብረትን፣ ኒኬልን፣ ማግኔታይት የተባለውንም ጥቁር የብረት ኦክሳይድ እያሞቀ የመግነጢስ ኃይላቸውን ለካ። ብረት እየጋለ ሲሄድ ኃይሉ እየደከመ ይሄድና በአንድ የተወሰነ ሙቀት ላይ ይጠፋል። ይህ የሙቀት ልክ ዛሬ በስሙ የኩሪ ነጥብ ይባላል፤ ለብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለማግኔታይት 580 ገደማ ነው። በ1895 በዚህ ሥራ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ማሪን አገባ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሆሳዕና ዝናብ ሲያባራ ጎርፍ በመንገድ ዳር ጥቁር አሸዋ ይተዋል። ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ባወጣሁት ማግኔት ብነካው እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ተነሣ፤ ማግኔታይት አለበትና። ቀዩ አፈር ግን የብረት ኦክሳይድ ቢኖርበትም ዓይነቱ ሌላ ስለ ሆነ ብዙም አይሳብም። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ጀበናውን ሲያቃጥሉት እሳቱ ከኩሪ ነጥብ ካለፈ በጭቃው ውስጥ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች ኃይላቸውን ያጣሉ። ሲቀዘቅዝ ይመለስላቸዋል፤ ሲመለስም የምድር መግነጢስ በዚያ ሰዓት ያመለከተውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ጀበና ኮምፓስ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ኃይሉ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የሚለካው በልዩ መሣሪያ ነው። አፈር በውሃ ሥር ሲደላደልም ቅንጣቶቹ አቅጣጫ ይይዛሉ። በአፋር፣ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው የአፈሩ ንብርብሮች የያዙትን ይህን አቅጣጫ በማንበብ ጭምር ነው።

ኩሪ ያልደረሰበትም ነገር አለ። ቅንጣቷ እጅግ ካነሰች፣ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ ያህል ከሆነች፣ ምድጃ አያስፈልጋትም፤ የክፍላችን ሙቀት ብቻ የመግነጢስ አቅጣጫዋን ያለ ዕረፍት ያገለባብጠዋል። ማግኔት ሲቀርብ ትሳባለች፤ ሲርቅ ግን ምንም አታስታውስም። ይህን በ1949 ያስረዳው ሌላው ፈረንሳዊ ሉዊ ኔል ነው። ሐኪሞችም እንዲህ ያሉትን የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በመርፌ ሰጥተው የሰውነትን ውስጥ በማግኔት መሣሪያ ለይቶ ለማየት ተጠቅመውባቸዋል።

የራዲየሙን ታሪክ ሁላችንም ስለምናውቀው አላስረዝመውም። በ1903 ፒየርና ማሪ ከሄንሪ ቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። መንግሥት ኒሻን ሊሰጠው ቢል ፒየር እምቢ አለ፤ የሚያስፈልገው ኒሻን ሳይሆን የምርምር ክፍል ነበርና። በእኔ አስተያየት ከሽልማቱ ይልቅ ይህ እምቢታ ሰውየውን ያሳያል።

የተመኘውን ክፍል ግን ሳያገኝ ቀረ። አፕሪል 19 ቀን 1906 በፓሪስ ዝናብ እየዘነበ መንገድ ሲሻገር በፈረስ የሚጎተት ከባድ ጋሪ ሥር ወደቀ፤ መንኰራኵሩም ራሱን ጨፍልቆት ወዲያው ሞተ። ዕድሜው 46 ዓመት ነበር። በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቦታ ለማሪ ተሰጠ። በኖቬምበር ወር አዳራሹ በሕዝብ ተሞልቶ ሲጠብቅ፣ ማሪ ስለ ሐዘኗ አንዳች ሳትናገር፣ ባለቤቷ ትምህርቱን ካቆመበት ቦታ ጀምራ ቀጠለች።