ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድና የቃኘው ጣቢያ ስምምነት

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ በ1904 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ ከተማሩ በኋላ በፓሪስ ሕግ አጥንተዋል። ሀገሪቱ በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረችበት ወቅትም በዚያው በፓሪስ ሆነው ስለ ነጻነቷ ተሟግተዋል።

ከድል በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት አገልግለዋል። በጊዜው ኢትዮጵያ ነጻነቷን ብታስመልስም እንግሊዝ በጦር ሠራዊቷና በአስተዳደሯ ላይ የነበራት ተጽዕኖ ከባድ ነበር። ይህን ጫና ለማቃለል መንግሥት ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ።

ለድርድሩ መሠረት የሆነው በአስመራ የሚገኘው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ ለረጅም ርቀት የሬዲዮ ግንኙነት እጅግ ተስማሚ ነበረች። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ፣ የጣቢያው ጉዳይ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያልቅ ሆነ።

አቶ አክሊሉ ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም ኢትዮጵያን ወክለው ስምምነቱን በዋሽንግተን ፈረሙ። አሜሪካ ጣቢያውን ለ25 ዓመታት እንድትጠቀም ሲፈቀድላት፣ ኢትዮጵያ በአንጻሩ የጦር መሣሪያና የሥልጠና ዕርዳታ አገኘች። ጣቢያው ወደ ኮሪያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስም ተሰየመ። በቀጣዮቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ ሀገራት ከፍተኛውን የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ የምትቀበል ሀገር ሆነች።

ይሁንና የጣቢያው ዋጋ ዘላቂ አልነበረም። ሳተላይቶች ሲስፋፉና አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ሌላ የመገናኛ ጣቢያ ስታቋቁም፣ የቃኘው ተፈላጊነት ቀነሰ። የኢትዮጵያ የመደራደር ጉልበትም አብሮ ተዳከመ።

በ1953 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አክሊሉ የካቲት 1966 ዓ.ም ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። በእስር ላይ ሳሉ የጻፉት የአገልግሎት ዘመናቸው ማስታወሻ ከጊዜ በኋላ ለንባብ በቅቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ያለ ፍርድ ካስገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

ጣቢያው በ1969 ዓ.ም በደርግ ትእዛዝ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሶማሊያ ወረራ ስትከፍት፣ በአሜሪካ መሣሪያ የተደራጀው ሠራዊት ሌላ አቅራቢ ለመፈለግ ተገደደ። ጅቡቲ የፈረንሳይን፣ የአሜሪካን፣ የጃፓንንና የቻይናን የጦር ሰፈሮች በምታስተናግድበት በአሁኑ ዘመንም የቃኘው ታሪክ ለተደራዳሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ለውጭ ኃይል የሚሰጥ ሥፍራ ብዙ ጥቅም ሊያስገኝ ይችላል፤ ጥቅሙ የሚቆየው ግን ተጠቃሚው ሥፍራውን እስከፈለገው ድረስ ብቻ ነው።