የዓሣን ሆድ ምስክር ያደረገ ጠበቃ

ዓሣ አጥምጄ አላውቅም፤ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ሆኖም ሕግ አጥንቼ ከተመረቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ማስረጃ ደግሜ እንዳስብ ካደረጉኝ ሰዎች አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለነገሩ እሱም የሕግ ሰው ነበር።

ጆርጅ ኤድዋርድ ማኬንዚ ስኪውስ እ.ኤ.አ. በ1858 በኒውፋውንድላንድ ተወለደ። እንግሊዝ አገር ዊንቸስተር ተምሮ፣ ለንደን ውስጥ በጥብቅና ሥራ ኖረ። ትዳር አልያዘም። ከ1883 ጀምሮ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ የሚያሳልፈው በኢቸን ወንዝ ዳር ትራውት በማጥመድ ነበር። (ትራውት ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል።)

በዚያ ዘመን ወንዙን የሚገዛ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ1880ዎቹ ካሳተማቸው መጻሕፍት ወዲህ፣ ጨዋ አጥማጅ የሚባለው ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ በውኃው ገጽ ላይ የሚያንሳፍፍ ብቻ ሆነ። ዝንቡን ማስጠም እንደ ነውር ተቆጠረ።

ስኪውስ ነገሩን በጠበቃ ዓይን አየው። የገደለውን ዓሣ ሆድ ዕቃ በቅልጥም ማውጫ ማንኪያ ዝቆ፣ ነጭ ዕቃ ላይ ውኃ ጨምሮ ይበትነዋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በራሪ ዝንብ ሳይሆን፣ ገና ክንፉን ሳይዘረጋ ውኃ ውስጥ የተበላ ነፍሳት ነበር። እንግዲህ ዓሣው ራሱ ከመሰከረ የሊቃውንቱ አስተያየት ምን ይረባል? ያንኑ አስመስሎ አስሮ ከገጹ ዝቅ አድርጎ ማጥመድ ጀመረ። በ1910 እና በ1921 ባሳተማቸው መጻሕፍትም ተከራከረበት።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ለእኔ ቁልጭ ያለው ሐይቅ ላይ ነው። በዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ብላግደን በተባለው የእንግሊዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ቤል የሚባል ሐኪም የዓሣ ሆድ እየመረመረ ያገኘው ትንኝ ነበር። ትንኟ በእጭነት ጭቃ ውስጥ ኖራ፣ ስትበስል ወደ ላይ ትነሳለች፤ ቆዳዋን ሰንጥቃ እስክትበር ድረስ ከውኃው ገጽ ሥር ተንጠልጥላ ትቆያለች። ትራውት የሚለቅማት ያኔ ነው። የዛሬ አጥማጆች እሷን ለማስመሰል ትንሽ መንጠቆ ላይ ጥቁር ክር በስሱ ይጠመጥማሉ፣ ቀጭን ሽቦ እንደ ቀለበት ያዞሩበታል፣ ትከሻዋን ወፈር ያደርጋሉ፤ አናቷ ላይ የመተንፈሻዋን ነጭ ጭረት ያክላሉ። ከዚያ ወርውሮ ዝም ማለት ነው። ክሩን የሚስብ ሰው በጣም በዝግታ መሳብ አለበት፤ ትንኟ አትሮጥምና። ለእኔ ዓይነቱ ችኩል የሚሆን ሙያ አይደለም።

ወደ ስኪውስ ልመለስ። በ1938 የለንደኑ የዝንብ አጥማጆች ክበብ ጉዳዩን ለክርክር አቀረበው። ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበው ሽማግሌ ተነስቶ ለራሱ ቆመ። እኔ ዳኛ ብሆን ለእሱ እፈርድ ነበር፤ ማስረጃ ይዞ የቀረበው እሱ ነበርና። ከሃልፎርድ ወገን የነበሩት ግን ማስረጃ ሳይሆን ሥርዓት ነበር የሚጠብቁት፣ ለሥርዓት ደግሞ የዓሣ ሆድ አይመሰክርለትም፣ አይመሰክርበትም። በዚያው ዓመት ስኪውስ ሃምሳ አምስት ዓመት ያጠመደበትን የኢቸንን ዳርቻ ትቶ ሄደ።

በ1949 በ90 ዓመቱ ሲሞት አመዱ የተበተነው እዚያው ኢቸን ዳር ነው።