ሚኻይል ሎሞኖሶቭና ጀርመንኛ
ከአሣ አጥማጅ ጀልባ እስከ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ



በዛሬው የታላላቅ ሰዎች ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ የሩሲያዊውን የሳይንስ ሊቅ የሚኻይል ሎሞኖሶቭን የሕይወት ታሪክ ነው። የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ስለሚጠራ ብዙዎቻችን ስሙን ሳንሰማ አልቀረንም። ከሕይወቱ ሁሉ ግን እኛ በሰፊው የምንመለከተው አንዱን ምዕራፍ ነው። ይኸውም በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ትምህርት የጀመረበትን ጊዜ ነው። ዘመኖቹን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ልጅነቱ

ሎሞኖሶቭ በ1711 በሰሜን ሩሲያ፣ በኾልሞጎሪ ከተማ አጠገብ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ በነጭ ባሕር ላይ አሣ እያጠመደና ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደር ገበሬ ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ እየወጣ ብርዱንና ማዕበሉን ለመደው። እናቱ ቀድማ ስለሞተች ያደገው በእንጀራ እናት እጅ ነው። እንጀራ እናቲቱ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ ባየችው ቁጥር ሥራ ፈት ነው እያለች ከአባቱ ጋር ታጣላው ነበር። እሱ ግን አንድ የሰዋስውና አንድ የሒሳብ መጽሐፍ አግኝቶ እስኪያስታውሳቸው ድረስ ደጋግሞ አነበባቸው።

የመንደሩ ዕውቀት ሲያልቅበት በ1730 ታኅሣሥ ወር ላይ አሣ ጭነው ወደ ሞስኮ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ተጓዘ። መንገዱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በበረዶ! ሞስኮ ሲደርስ የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ስለማይቀበሉት የመኳንንት ልጅ ነኝ ብሎ ተመዘገበ። የቀን ድጎማው 3 ኮፔክ ብቻ ነበረች። በግማሽ ኮፔክ ዳቦ፣ በግማሽ ኮፔክ ክቫስ የሚባለውን ጠላ መሰል መጠጥ ይገዛል፤ በቀረው ወረቀትና ጫማ ይገዛበታል። ላቲን ለመማር ከሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ዕድሜው ወደ 20 ተጠግቶ ስለነበር ልጆቹ ይሳለቁበት ነበር። እሱ ግን ይህን ሁሉ ችሎ ላቲንን በሚገባ ተማረ።

ወደ ጀርመን

በ1736 መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ከተባሉት ተማሪዎች ጋር ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ተዛወረ። አካዳሚው የማዕድንና የኬሚስትሪ ባለሙያ ስላስፈለገው ሦስት ወጣቶች መርጦ ወደ ጀርመን ላከ። እነሱም ሎሞኖሶቭ፣ ዲሚትሪ ቪኖግራዶቭና ጉስታቭ ራይዘር ነበሩ። መስከረም ላይ በመርከብ ተሳፍረው፣ ባሕሩ አስቸግሯቸው፣ በኅዳር ማርቡርግ ገቡ። ማርቡርግ በላን ወንዝ ዳር፣ በኮረብታ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ስትሆን ዩኒቨርሲቲዋ የተቋቋመው በ1527 ነው።

እስቲ አሁን የሦስቱን ሁኔታ እናወዳድር። ራይዘር የጀርመን ተወላጅ ልጅ ስለሆነ ቋንቋው የቤቱ ቋንቋ ነው። ሎሞኖሶቭ ግን ከመሄዱ በፊት በነበሩት ጥቂት ወራት ከቀመሳት በቀር ጀርመንኛ አያውቅም። በእጁ ያለው ላቲን ነው። ላቲን ከፕሮፌሰር ጋር ያነጋግራል፤ ዳቦ ጋጋሪውንና የቤት አከራይዋን ግን አያነጋግርም። እንግዲህ 25 ዓመት የሞላው ሰው፣ በሞስኮ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ አንድ ቋንቋ እንደተማረ ሁሉ፣ አሁንም ሌላ ቋንቋ ከሥሩ መጀመር ነበረበት።

ጀርመንኛ ለሩስያ ተናጋሪ የሚከብድበት ምክንያት አለው። በጀርመንኛ ብዙውን ጊዜ ከስም በፊት ጾታውንና ሙያውን የምታመለክት ትንሽ ቃል ትገባለች። እንዲህ ያለ ቃል በሩስያም በላቲንም የለም። ስለዚህ ሎሞኖሶቭን ከሩስያና ከላቲን አንዱም በዚህ በኩል አልረዳውም። በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ግሡ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብርቅ አይደለም፤ ለሩስያዊ ጆሮ ግን ሰሚው እስከ መጨረሻው እንዲጠብቅ የሚያስገድድ እንግዳ ነገር ነው።

የተላኩበት መመሪያም ቀላል አልነበረም። አካዳሚው ሳይንሱን ብቻ ሳይሆን ቋንቋዎቹንም እስኪናገሩና እስኪጽፉ ድረስ እንዲያጠኑ፣ ስለ ትምህርታቸውም በየጊዜው ሪፖርት እንዲልኩ አዝዟቸዋል። ሎሞኖሶቭም ቋንቋውን ከሒሳብ ጋር ጎን ለጎን ያዘው። አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ መምህራቸው ሁለቱ ሩስያውያን ንግግር መጀመራቸውንና የሚባለውን መረዳታቸውን ለአካዳሚው ጻፉ።

መምህሩ

እኚህ መምህር ፕሮፌሰር ክርስቲያን ቮልፍ ነበሩ። በ1723 የፕሩሲያ ንጉሥ በትምህርታቸው ተቆጥቶ በ48 ሰዓት ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ፣ ካልወጡ ግን እንዲሰቀሉ ስላዘዘ ከሃለ ዩኒቨርሲቲ ተባርረው ማርቡርግ የተቀበለቻቸው ሰው ናቸው። ለእኛ ታሪክ ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያን ዘመን የአውሮፓ ምሁር ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው በላቲን ነበር። ቮልፍ ግን ሒሳብንና ፍልስፍናን በአገራቸው ቋንቋ በጀርመንኛ ጽፈዋል፤ ለሳይንስ የሚሆኑ የጀርመንኛ ቃላትም አደላድለዋል። ስለዚህ ሎሞኖሶቭ ማርቡርግ ላይ የተማረው ጀርመንኛን ብቻ አይደለም። ትናንት ለሳይንስ አይበቃም ይባል የነበረ የሕዝብ ቋንቋ፣ ሰው ከሠራበት ለሳይንስ እንደሚበቃ በዓይኑ አየ።

ፍሬው በ1738 ታየ። በጥቅምት ወር ሎሞኖሶቭ ለአካዳሚው የላከው እሽግ ውስጥ በጀርመንኛ የተጻፈ ሪፖርት፣ በላቲን የተጻፈ የፊዚክስ ጥናት፣ ከፈረንሳይኛ ወደ ሩስያ በግጥም የተተረጐመ ሥራ ነበረበት። በአንድ እሽግ አራት ቋንቋ! ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመንኛ የሚያንገዳግደው ሰው መሆኑን ልብ እንበል።

ሌላም ትርፍ ነበረው። የጀርመንኛን ግጥም ምት ሲሰማ የራሱ ቋንቋ ግጥም እንዴት ቢገጠም እንደሚሻል አሰበ። በ1739 ስለ ሩስያ ግጥም አገጣጠም ደንብ ጽፎ ወደ አገሩ ላከ፤ የሩስያም ግጥም ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በዚያ መንገድ ሄደ። የሰው ቋንቋ የራሱን ቋንቋ አሳየው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሎሞኖሶቭን መልአክ አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። ሦስቱም ወጣቶች ይጠጡ፣ ይጣሉ፣ ገንዘብም ያባክኑ ነበር። በ1739 ወደ ፍራይበርግ ሊሄዱ ሲሉ ዕዳቸው ተከምሮ መምህር ቮልፍ ናቸው ያወጧቸው። በፍራይበርግም ከማዕድን መምህሩ ከሄንክል ጋር ተጣልቶ በ1740 ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት ማርቡርግ ተመልሶ የአከራዩን ልጅ ኤልሳቤጥ ክርስቲና ሲልኽን አገባ። በመንገድም ሳለ የፕሩሲያ ወታደር መልማዮች አስክረው ወታደር እንዳደረጉትና ከምሽግ አምልጦ እንደወጣ ይተረካል።

ወደ አገሩ ሲመለስ

በ1741 ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። በ1745 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1748 የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1746 በቮልፍ ትምህርት ላይ የተመሠረተ የፊዚክስ መጽሐፍ ወደ ሩስያ ተርጕሞ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ፊዚክስን ለሕዝብ በሩስያ ቋንቋ አስተማረ። ዛሬ እኛ በአማርኛ የብርሃን ስብረት፣ የመሬት ዛቢያ የምንላቸውን ለመሳሰሉት ሐሳቦች በሩስያ ስም ያወጣላቸው እሱ መሆኑ ይነገርለታል። በ1755 የሩስያን ሰዋስው ጽፎ ጨረሰ። በዚያው ዓመት በእሱ ዕቅድና በሹቫሎቭ ድጋፍ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የገበሬ ልጆችም እንዲማሩ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። በ1765 በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፉት ሩስያኛ በመማር ነው። ያ ሊቅ አንድ ጊዜ በጀርመንኛ ፊት እንደቆመ እነሱም በእሱ ቋንቋ ፊት ቆመው ነበር።

ውድ ሠልጣኝ ጓዶች፣ የእኛስ ድርሻ ምንድነው? ከእኛ ብዙዎቹ በውጭ ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ አንብበው በገጠር ትምህርት ቤት ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። መጽሐፉን ማንበብ መቻል ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ያነበብነውን ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በሚያውቁት ቃል ማስረዳት ነው። የባዕድ ቃል ደርድሮ ሊቅ መስሎ መታየት ቀላል ነው፤ ልጅ የሚገባው ቃል መፈለግ ግን ድካም አለው። ሎሞኖሶቭ ጀርመንኛን ያጠናው ጀርመን ለመምሰል አልነበረም፤ ያገኘውን ዕውቀት ለአገሩ ልጆች በአገሩ ቋንቋ ለማካፈል ነበር። እኛም የምናጠናውን ሁሉ ለማን እንደምናጠናው አንርሳ።