ኮሊን ቻፕማንና የቀላል መኪና ፈተና

ኮሊን ቻፕማን በእንግሊዝ አገር በሪችመንድ በ1928 ዓ.ም. ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማረው ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ሕንፃና ድልድይ አካላት ምሕንድስና ነበር። ስለዚህም መኪናን ድልድይ እንደሚነድፍ ሰው ይመለከት ነበር፤ ጭነት የማይሸከም ብረት ሁሉ በእርሱ ዘንድ ትርፍ ክብደት ነው።

የመጀመሪያ መኪናውን በ1948 የሠራው በአሮጌ ኦስቲን ሰቨን ሻንሲ ላይ፣ በኋላ ሚስቱ በሆነችው በሄዝል ዊሊያምስ ወላጆች ቤት ጓሮ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። በ1952 በሰሜን ለንደን፣ በአባቱ ሆቴል ጀርባ በነበረ የፈረስ ጋጣ፣ የሎተስን ድርጅት መሠረተ። ማርክ 6 እና በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን ገዢው በቤቱ እንዲገጣጥማቸው በየክፍላቸው ይሸጡ ነበር። ያልተገጣጠመ መኪና በዚያን ጊዜ የግዢ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበርና፣ ገንዘብ ያነሰው ወጣት ሁሉ የስፖርት መኪና ባለቤት ለመሆን ተስፋ አገኘ።

ከርካሽነቱ ጋር ግን የመሐንዲሱ ኃላፊነት በከፊል ወደ ገጣጣሚው እጅ ተላለፈ። ለዚህ ከመሪው የተሻለ ምሳሌ የለም። ጎማ ጉብታ ሲያጋጥመው የሚወጣው የላይኛውና የታችኛው ክንድ በሚወስኑለት ቅስት ነው። ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግም የራሱ ቅስት አለው። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ነጂው መሪውን ሳይነካ ጎማው በገዛ ራሱ ይዞራል። የመሪው ጥርስ ዘንግ የተገጠመበት ከፍታ ከተዛባ፣ ጎማው ሲወጣ ወደ አንዱ፣ ሲወርድ ወደ ተቃራኒው ወገን ይዞራል። ርዝመቱ ከተሳሳተ ግን ሲወጣም ሲወርድም የሚዞረው ወደ አንድ ወገን ነው። መድኃኒቱ፣ ከፊት ለፊት ሲታይ፣ የአገናኙ ዘንግ መስመር የሁለቱ ክንዶች መስመሮች ተራዝመው በሚገናኙበት ነጥብ እንዲያልፍ ማድረግና ርዝመቱንም ከክንዶቹ ጋር ማመጣጠን ነው። ከሌላ መኪና የተወሰደ መሪ ለዚያ መኪና ክንዶች የተለካ ስለሆነ፣ ጥንቁቅ ገጣጣሚ ሞላውን አውልቆ፣ ጎማውን በክሪክ እያነሣና እያወረደ፣ አቅጣጫውን በየደረጃው ይለካል።

በቻፕማን ንድፍ አንድ አካል ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። በሎተስ ሰቨን ፊት ለፊት ያለው የመኪናውን ማዘንበል የሚከላከል ዘንግ የላይኛው ክንድ አካልም ነበር። በ1962 የወጣው ሎተስ 25 ደግሞ በፎርሙላ ዋን ውድድር ሻንሲና አካልን በአንድ ቅርፊት አዋሐደ። ድርጅቱ ከ1963 እስከ 1978 ሰባት ጊዜ የዓለም የሠሪዎች ሻምፒዮን ሆነ።

ክብሩ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1970 ዮኸን ሪንት በሞንዛ ልምምድ ላይ በሎተስ መኪና ሲሞት፣ የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበሩ የአደጋው መነሻ ተብሎ ተጠቀሰ፤ የመንገዱ ዳር መከላከያ አሠራርም ተወቀሰ። የቻፕማን መኪናዎች ፈጣን ቢሆኑም ተሰባሪዎች ናቸው የሚለው ክስ እስከ መጨረሻው አልተለየውም።

ቻፕማን በታኅሣሥ ወር 1982 በልብ ሕመም በ54 ዓመቱ ዐረፈ። የሎተስ ሰቨን መብት ግን በ1973 ወደ ኬተራም ድርጅት ተላልፎ ስለነበር፣ ንድፉ ከሠሪው በኋላም በየቤቱ ሲገጣጠም ኖሯል። ሕይወቱ ለሙያ ባልደረቦች የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ብረት በተቀነሰ መጠን፣ የቀረው እያንዳንዱ ዘንግ በትክክል የመለካት ግዴታው ይጨምራል።